ያለፈ ሕመም ወይስ ክትባት? የሄፓታይተስ ቢ የደም ውጤት አነባበብ

«አንቲ-ኤችቢኤስ 240» የሚል የደም ውጤት ወረቀት የያዙ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። ቁጥሩ ከሄፓታይተስ ቢ የሚጠብቀው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት የሚሠራው መከላከያ ፕሮቲን፣ መጠን ነው። ሁለቱም ከሄፓታይተስ ቢ የተጠበቁ ናቸው። አንደኛው እዚህ ቁጥር ላይ የደረሰው ሦስት መርፌ ተከትቦ ነው፤ ሌላኛው በልጅነቱ፣ ምናልባትም ሳይታወቀው፣ ታሞ ድኖ ነው። የመጀመሪያው ሰው ጉበት ቫይረሱን አይቶት አያውቅም። የሁለተኛው ጉበት ውስጥ ግን የቫይረሱ ዘረመል ዕድሜ ልክ ተኝቶ ይቀመጣል። በደኅናው ቀን ይህ ልዩነት አይታይም። ካንሰር ሲታከም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ጠንካራ መድኃኒት ሲታዘዝ ግን ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ሦስት የደም ምርመራዎችን አንድ ላይ ማዘዝና በቅደም ተከተል ማንበብ በቂ ነው።

ቫይረሱ የሚያሳየው፣ ክትባቱ የማያሳየው

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ እንደ ቡና ፍሬ ገለፈትና ውስጥ አለው። አንቲጅን ማለት መከላከያችን የሚለየው የቫይረሱ ክፍል ነው። ከውጭ ያለው የሽፋን አንቲጅን ይባላል፤ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ኤችቢኤስኤጂ» ተብሎ የሚጻፈው እሱ ነው። ከውስጥ ዘረመሉን የያዘው የአስኳል አንቲጅን ነው። «ኢ አንቲጅን» የሚባል ሦስተኛ ፕሮቲንም አለ፤ እሱ የሚጠቅመው ቫይረሱ እየተባዛ ያለበትን ፍጥነት ለመገመት ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በጥቅም ላይ ያለው ክትባት የሚሠራው በእርሾ ሴል ውስጥ በተመረተ የሽፋን አንቲጅን ብቻ ነው። አስኳል የለውም፤ ዘረመል የለውም፤ ሊባዛም አይችልም። እንግዲህ የተከተበ ሰው የሚያመርተው የሽፋን አንቲቦዲ (አንቲ-ኤችቢኤስ) ብቻ ነው። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ግን በአስኳሉም ላይ አንቲቦዲ (አንቲ-ኤችቢሲ) ያመርታል። ይህ የአስኳል አንቲቦዲ ዳነም አልዳነም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ በደሙ ውስጥ ይኖራል። የሁለቱ መለያ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

በደም ምርመራ የማይታየው ልዩነት ደግሞ ይሰፋል። ቫይረሱ የጉበትን ሴል በራሱ አይገድልም። ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ የጉበት ኢንዛይሞችን ወደ ላይ የሚያስወነጭፈው የራሳችን መከላከያ ነው፤ ገዳይ ቲ ሴሎች የተበከሉትን የጉበት ሴሎች እየለዩ ሲያጠፉ የሚደርስ ጉዳት ነው። በጤናማ አዋቂ ሰው ይህ ዘመቻ ጠንካራ ስለሆነ ከ100 አዋቂዎች ቢያንስ 95ቱ ቫይረሱን ያሸንፋሉ። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሕፃን መከላከያ ግን ቫይረሱን እንደ ጠላት አይቆጥረውም፤ ሕፃኑ አይታመምም፣ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም፤ ነገር ግን 90 በመቶ የሚሆኑት እንዲህ ያሉ ሕፃናት ቫይረሱን ዕድሜ ልካቸውን ይሸከማሉ። ሕመሙ ሲከብድ መከላከያው ጠንክሮ እየተዋጋ ነው ማለት ስለሆነ፣ አለመታመም ብቻውን ቫይረሱ አለፈ ማለት አይደለም።

ክትባቱ ይህን ጦርነት ሳያስነሳ አንድ ክፍሉን ብቻ ያስጠናል። ከአሉሚኒየም ጨው ጋር ተቀላቅሎ በጡንቻ ውስጥ ሲወጋ ቢ ሴሎችን (አንቲቦዲ የሚሠሩትን)፣ ረዳት ቲ ሴሎችንና የማስታወሻ ሴሎችን ያነቃቃል። ገዳይ ቲ ሴሎችን የሚቀሰቅሰው ጥቂት ነው፤ የሚገደል የተበከለ ሴል ስለሌለ ብዙም አያስፈልጉም። የሽፋን አንቲቦዲው ቫይረሱን ጉበት ሳይደርስ ደም ውስጥ ስለሚይዘው ጥበቃው በዚህ ይሟላል። ሄፓታይተስ ዲ የሚባለው ቫይረስም ከዚሁ ሽፋን ውጭ መኖር ስለማይችል አንዱ ክትባት ሁለቱን ይከላከላል።

ምን ይታዘዝ?

በአንድ የደም ናሙና ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ የሽፋን አንቲጅን፣ የሽፋን አንቲቦዲ በቁጥር፣ የአስኳል አንቲቦዲ ጠቅላላ። አምስት ሚሊ ሊትር የደም ሥር ደም ለሦስቱም ይበቃል፤ መጾም አያስፈልግም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ማንኛውም ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ቢያንስ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሦስቱን አንድ ላይ እንዲመረመር መክሯል። አሜሪካ ያለ አንባቢ ይህንን ለሐኪሙ ጠቅሶ መጠየቅ ይችላል።

ትእዛዙ ላይ ሁለት ስሕተቶች በብዛት ይታያሉ። የመጀመሪያው የሽፋን አንቲቦዲን «ፖዘቲቭ» ወይም «ነጋቲቭ» ብቻ ብሎ በሚመልስ የካርድ ምርመራ መሥራት ነው። የሚያስፈልገው ቁጥር ነው። መለኪያው ሚሊ ኢንተርናሽናል ዩኒት በሚሊ ሊትር ሲሆን፣ በአንዳንድ ወረቀት ላይ «ኢንተርናሽናል ዩኒት በሊትር» ተብሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ቁጥሩ አይቀየርም። መስመሩ 10 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ጥበቃ አለ ይባላል። ሁለተኛው ስሕተት በ«ጠቅላላ» የአስኳል አንቲቦዲ ፈንታ «አይጂኤም» የሚባለውን ብቻ ማዘዝ ነው። አይጂኤም የሚታየው ከሕመሙ በኋላ ለስድስት ወር ገደማ ነው፤ ከ20 ዓመት በፊት ታሞ የዳነ ሰው ላይ ነጋቲቭ ይወጣል፤ ሰውየውም «ታሞ አያውቅም» ተብሎ ይሸኛል።

በኢትዮጵያ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ላይ በተለምዶ የሚሠራው የሽፋን አንቲጅን የካርድ ምርመራ ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄዱ ሰዎች በሚያልፉበት የጤና ምርመራ ላይም የሚፈለገው እሱ ነው። ያ ካርድ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ቫይረሱ አሁን በደም ውስጥ አለ ወይስ የለም። «ነጋቲቭ ነኝ» ማለት «የተጠበቅሁ ነኝ» ማለት አይደለም፤ «ታምሜ አላውቅም» ማለትም አይደለም። ካርዱን ለሚያነብ ባለሙያ፦ ደብዛዛ መስመርም መስመር ነው፤ ፖዘቲቭ ተብሎ ይመዘገባል። አምራቹ ካስቀመጠው ደቂቃ በኋላ ብቅ ያለ መስመር ግን አይቆጠርም፤ ካርዱ ሲደርቅ ሐሰተኛ መስመር ሊያወጣ ይችላል።

ደም ከመቀዳቱ በፊት የሚጠየቁ

እነዚህ ሳይጠየቁ የተቀዳ ደም ትክክለኛ ቁጥር ሰጥቶ የተሳሳተ ትርጉም ሊያመጣ ይችላል።

መጨረሻ የተከተቡት መቼ ነው? ክትባቱ ራሱ የሽፋን አንቲጅን ስለሆነ፣ ከመርፌው በኋላ እስከ 18 ቀን ድረስ የአንቲጅን ምርመራው ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ለጉዞ ምርመራ ቀጠሮ ይዞ ከሁለት ሳምንት በፊት የተከተበ ጤነኛ ሰው «ቫይረስ አለበት» ሊባል ይችላል ማለት ነው። አንድ ወር ማሳለፍ፣ ወይም መጀመሪያ ተመርምሮ ከዚያ መከተብ ይሻላል።

ባለፉት ስድስት ወራት ደም፣ ፕላዝማ ወይም ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሌሎች ሰዎች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ) ተሰጥቷቸዋል? የሌላ ሰው አንቲቦዲ በደማቸው ውስጥ ይዘዋወር ይሆናል። የሽፋንም የአስኳልም አንቲቦዲ በዚህ መንገድ ይገባል፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ይጠፋል።

ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጥ ባዮቲን ይወስዳሉ? በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው ባዮቲን ውጤቱን ያዛባል። ለጥቂት ቀናት አቁሞ መምጣት ነው፤ ስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቀው መሣሪያውን የሚሠራበት ላቦራቶሪ ነው።

የክትባት ካርድ አለ? «የተከተብኩ ይመስለኛል» የሚል መልስ እንደ ክትባት አይቆጠርም። ኢትዮጵያ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብር የገባው በአምስት አንድ ክትባቱ (ፔንታቫለንት) አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2007፣ ማለትም በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እዚያ የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ በመደበኛው መርሐ ግብር አልተከተበም ብሎ መነሳት ትክክል ነው። እስራኤል ውስጥ ለተወለዱ ሕፃናት ሁሉ መስጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የትውልድ ዓመትና አገር ስለዚህ ከካርድ ቀጥሎ የሚጠየቁ ናቸው።

ውጤቱን ማንበብ

የንባብ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ መጀመሪያ የሽፋን አንቲጅን፣ ቀጥሎ የአስኳል አንቲቦዲ፣ መጨረሻ ቁጥሩ። ከቁጥሩ የሚጀምር ሰው ትልቅ ቁጥር አይቶ ሌላውን መመልከት ይረሳል።

አንቲጅን ነጋቲቭ፣ አስኳል ነጋቲቭ፣ ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ጥበቃው ከክትባት ነው። ካርድ ከሌለና ሰውየው ፈጽሞ አልተከተብኩም የሚል ከሆነ ግን ወደ ጥያቄዎቹ ይመለሱ፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ወስዶ ይሆን፣ ወይስ ሳያውቀው ለትምህርት ወይም ለሥራ ተከትቦ?

አንቲጅን ነጋቲቭ፣ አስኳል ፖዘቲቭ፣ ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ታሞ የዳነ ነው። የክትባት ካርድ ቢኖረውም ንባቡ አይለወጥም። ሳይመረመር የተከተበ አዋቂ ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ክትባቱ ከመሰጠቱ በፊት ኢንፌክሽኑ አልፎ ነበር። ክትባቱ አልጎዳውም፤ ያለፈውንም ታሪክ አልፋቀም።

አንቲጅን ፖዘቲቭ፣ አስኳል ፖዘቲቭ ከሆነ ቫይረሱ አሁን አለ። አይጂኤሙ ፖዘቲቭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ኢንፌክሽን ነው፤ ነጋቲቭ ከሆነ የቆየ ነው። የቆየ ኢንፌክሽን የሚባለው አንቲጅኑ ከስድስት ወር በላይ ሲቀጥል ነው፤ የአንድ ቀን ውጤት ብቻ ይዞ «ሥር የሰደደ» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው። በቆየ ኢንፌክሽን ገዳይ ቲ ሴሎች በብዛት ከሚፈስሰው አንቲጅን ጋር ሲታገሉ ኖረው ይዝላሉ፤ አንቲቦዲ የመሥራት ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው መከተብ ቫይረሱን አያጠፋለትም፤ የሚጎዳው «ተከትቤያለሁ» ብሎ ክትትሉን ከተወ ነው።

ሦስቱም ነጋቲቭ ከሆኑ ሰውየው መከተብ አለበት። ከብዙ ዓመት በፊት ሙሉ ክትባት የወሰደና ቁጥሩ የወረደ ሰውም እዚህ ይወድቃል፤ ስለ እሱ ዝቅ ብሎ ይመጣል።

አንቲጅን ብቻውን ፖዘቲቭ ከሆነ ወይ ገና የጀመረ ኢንፌክሽን ነው፣ ወይ የሰሞኑ ክትባት ነው፣ ወይ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ነው። በማረጋገጫ ምርመራና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በድጋሚ በሚሠራ ምርመራ ይለያል። አንቲጅንና የሽፋን አንቲቦዲ ሁለቱም ፖዘቲቭ ሲሆኑ ደግሞ ሰውየው እንደተያዘ ይቆጠራል፤ አንቲቦዲው አለ ብሎ ማሰናበት ስሕተት ነው።

ብዙ የሚያከራክረው የአስኳል አንቲቦዲ ብቻውን ፖዘቲቭ ሲሆን ነው። ትርጉሙ ከአራት አንዱ ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ ታሞ የዳነና የሽፋን አንቲቦዲው ከጊዜ ብዛት የወረደ፤ በሽታው በተስፋፋበት አገር ባደገ ሰው ላይ ቀድሞ የሚገመተው ይህ ነው። ሁለተኛ፣ «የመስኮት ጊዜ» ላይ ያለ፤ አንቲጅኑ ጠፍቶ አንቲቦዲው ገና ያልታየበት የጥቂት ሳምንታት ክፍተት፤ አይጂኤም ያሳየዋል። ሦስተኛ፣ ድብቅ ኢንፌክሽን፤ አንቲጅኑ ከመለኪያው በታች ሆኖ ዲኤንኤው ያለ፤ የቫይረስ መጠን ምርመራ ይለየዋል። አራተኛ፣ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ፤ በሽታው ብርቅ በሆነበት አገር ባደገና ምንም የአደጋ ታሪክ በሌለው ሰው ላይ የሚጠረጠር። በኤችአይቪ ክትትል ላይ ላለ ሰው አንድ መጠን ክትባት ሰጥቶ ከአንድ እስከ ሁለት ወር በኋላ ቁጥሩን መለካት የተለመደ መንገድ ነው። ቁጥሩ 100 እና ከዚያ በላይ ከዘለለ የቆየ ማስታወሻ ተቀስቅሷል ተብሎ በዚያው ይቆማል።

ለላቦራቶሪ ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ። አንዳንድ የአስኳል አንቲቦዲ ኪቶች በውድድር ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። በእነሱ ላይ ቀለሙ ሲደበዝዝ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው፤ የሬሾው ቁጥር ከ1 በታች ሲሆንም «ሪአክቲቭ» ይባላል። ከሌላ ኪት የለመዱትን አነባበብ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ውጤቱን ገልብጠው ይጽፋሉ። የኪቱን መመሪያ ወረቀት መሣሪያው አጠገብ ይለጥፉት።

ጊዜው ሲሳት ውጤቱ ይስታል

ከተፈጥሮ ኢንፌክሽን በኋላ የሽፋን አንቲጅን በአማካይ ከአንድ ወር በኋላ ይታያል። ሕመሙ የሚሰማው፣ ከተሰማ፣ በአማካይ በሦስተኛው ወር ነው፤ የአስኳል አንቲቦዲውም በዚያው ሰሞን ብቅ ይላል። የሽፋን አንቲቦዲው በምርመራ የሚታየው በመጨረሻ፣ አንቲጅኑ ከጠፋ በኋላ ነው። የተበከለ ጉበት ከቫይረሱ ቁጥር በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ባዶ ሽፋን ወደ ደም ይለቃል፤ የተመረተው አንቲቦዲ በሙሉ እዚያ ላይ ተጣብቆ ስለሚያልቅ ለመሣሪያው ነፃ ሆኖ አይተርፍም። የመስኮት ጊዜውም የሚፈጠረው በዚህ ነው። ከመርፌ መወጋት አደጋ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ተመርምሮ «ነጋቲቭ ነኝ» ብሎ መረጋጋት ስለዚህ አይቻልም፤ ምርመራው በስድስተኛው ወር ይደገማል።

በክትባት በኩል ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። የተለመደው መርሐ ግብር 0፣ 1 እና 6 ወር ሲሆን፣ የጤናማ አዋቂዎች መልስ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከ30 እስከ 55 በመቶ፣ ከሁለተኛው በኋላ 75 በመቶ፣ ከሦስተኛው በኋላ ከ90 በመቶ በላይ ነው። ሁለት ወስዶ የሚያቆም ሰው እንግዲህ ከአራት አንድ ጊዜ ያህል ሳይጠበቅ ይቀራል። ሦስተኛው መርፌ ደግሞ ቁጥሩን በብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። የዘገየ መርፌ ከመጀመሪያ አያስጀምርም፤ ካቆሙበት ይቀጥላል። ማሳጠር ግን ገደብ አለው፤ ከመጀመሪያው እስከ ሁለተኛው ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቢያንስ 8 ሳምንት፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ቢያንስ 16 ሳምንት። በአሜሪካና በአውሮፓ ለአዋቂዎች የሚሰጠው ሄፕሊሳቭ-ቢ በአንድ ወር ልዩነት ሁለት መርፌ ብቻ ይፈልጋል፤ ከአሉሚኒየም ይልቅ ሌላ ማነቃቂያ ስለያዘ ነው።

ቁጥሩ የሚለካው ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ ነው። ሁሉም ሰው መለካት የለበትም፤ የጤና ባለሙያ፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው፣ ኤችአይቪ ያለበት፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው የትዳር ጓደኛ ግን ይለካሉ። ለምን በዚያ ጊዜ? ከዓመታት በኋላ የተለካ 6 ሁለት ትርጉም ስላለው ነው፤ ወይ ክትባቱን ፈጽሞ አልተቀበለም፣ ወይ ተቀብሎ ቁጥሩ ወርዷል። ነርስ ሆኖ ለሥራ ሲቀጠር ይህ ያጋጠመው ሰው መፍትሔ አለው። አንድ መርፌ ይወስዳል፤ ከ1 እስከ 2 ወር በኋላ ይለካል። ቁጥሩ ከ10 በላይ ከወጣ ማስታወሻው አለ ማለት ነው፤ በቃ። ካልወጣ የቀሩትን ሁለት መርፌዎች ወስዶ ዳግም ይለካል። ከዚህም በኋላ ከ10 በታች ከሆነ ተጨማሪ መርፌ ከመደርደር በፊት የሽፋን አንቲጅንና የአስኳል አንቲቦዲ ይመርመር፤ «ክትባት የማይቀበል» የሚባለው አንዳንዱ ሰው ቀድሞውኑ ቫይረሱ ያለበት ነው።

ለጤናማ ሰው የቁጥሩ መውረድ ራሱ አያስፈራም። የማስታወሻ ቢ ሴሎች ከአንቲቦዲው በላይ ይቆያሉ፤ ቫይረሱ ሕመም ለማምጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት እነሱ ተነቅተው እስኪያመርቱ ጊዜ አላቸው። በሕፃንነታቸው በተከተቡ ሰዎች ላይ ጥበቃው 30 ዓመት እንደሚዘልቅ ታይቷል። በየአምስት ዓመቱ ማጠናከሪያ የሚሉ ማስታወቂያዎች ለጤነኛ ሰው ገንዘብ ማባከኛ ናቸው። በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን ማስታወሻው አይበቃውም፤ በየዓመቱ ይለካል፣ ከ10 በታች ሲወርድ ይጨመርለታል።

ክትባቱ ሳይሠራ የሚቀርባቸው ምክንያቶች

ዕድሜ ከ40 ማለፍ፣ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታ፣ ኤችአይቪና የኩላሊት ድካም መልሱን ይቀንሳሉ። እነዚህ የተከታቢው ናቸው። የከታቢው ስሕተቶች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ሊታረሙ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቂጥ ላይ መውጋት ነው። መርፌው ጡንቻ ላይ ሳይደርስ ስብ ውስጥ ይቀራል፤ በስብ ውስጥ ደግሞ አንቲጅኑን ተቀብለው ወደ ንፍፊት የሚያደርሱ ሴሎች ጥቂት ናቸው። ለአዋቂ የላይኛው ክንድ ጡንቻ፣ ለሕፃን የጭን ፊትና ውጭ። ለአብዛኛው አዋቂ 25 ሚሊ ሜትር መርፌ ይበቃል፤ ለወፍራም ክንድ 38 ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማርጋት ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በረዶ ሲሆን የአሉሚኒየሙ ቅንጣቶች ይጓጉላሉ፤ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። ሙቀት ከሚያበላሸው ይልቅ በረዶ ነው የሚያበላሸው፤ የማቀዝቀዣው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ የተቀመጠ ሣጥን መጀመሪያ የሚጠረጠር ነው። መርጋቱ ከተጠረጠረ የመንቀጥቀጥ ፈተናውን ይሥሩ። ከዚያው አምራችና ከዚያው ባች አንድ ብልቃጥ ወስደው ሆን ብለው ጠንክሮ እስኪረጋ ያቀዝቅዙት፤ ምልክት ያድርጉበት፤ ያቅልጡት። እሱንና የተጠረጠረውን በአንድ እጅ ይዘው ይነቅንቁ፤ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እስከ 30 ደቂቃ ይመልከቱ። የተጠረጠረው ከረጋው እኩል ወይም ፈጥኖ ካዘቀጠ ይጣላል።

ሕፃናት፤ ለብቻቸው የሚነበቡ

ቫይረሱ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን መርፌ በ24 ሰዓት ውስጥ ማግኘት አለበት፤ በተገኘበት ቦታ ኢሚዩኖግሎቡሊን በ12 ሰዓት ውስጥ ይጨመራል። በ6፣ 10 እና 14 ሳምንት የሚሰጠው የአምስት አንድ ክትባት ይቀጥላል፤ ግን ብቻውን ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ መተላለፉ የሚደርሰው በወሊድ ሰዓት ስለሆነ። ጡት ማጥባት አይከለከልም።

ምርመራው ከ9 እስከ 12 ወር ሲሞላው ነው፤ የሽፋን አንቲጅንና የሽፋን አንቲቦዲ ብቻ። ከዚያ በፊት ከተመረመረ አንቲቦዲው የራሱ ይሁን የተሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን አይለይም። የአስኳል አንቲቦዲ ከሁለት ዓመት በታች አይታዘዝ። የእናቱ አንቲቦዲ በእትብት አልፎ ስለሚገባ ጤነኛውን ሕፃን «ታሞ ነበር» ያሰኛል፤ ወላጅን በከንቱ ያስደነግጣል።

ልዩነቱ ሕይወት የሚነካበት ቦታ

የዳነ ሰው ጉበት ሴሎች ኒውክለስ ውስጥ የቫይረሱ ክብ ዲኤንኤ ይቀራል። እንዳይነሳ የሚጠብቁት ያው ገዳይ ቲ ሴሎችና አንቲቦዲው ናቸው። ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ቢ ሴሎችን ጠርጎ ሲያወጣ፣ ወይም ኪሞቴራፒና ከፍተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ መከላከያውን ሲያዳክም፣ ቫይረሱ ከ30 ዓመት እንቅልፍ በኋላ ሊነሳ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 በሪቱክሲማብ ላይ ያለውን የሄፓታይተስ ቢ ማስጠንቀቂያ ያጠናከረው በዚህ ምክንያት ነው። በክትባት የተጠበቀ ሰው ይህ ስጋት የለበትም፤ የሚነሳ ነገር የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሽፋን አንቲጅንና የአስኳል አንቲቦዲ ሁለቱም ይመርመሩ። አስኳሉ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ የሽፋን አንቲቦዲው ቁጥር 240 ይሁን 900፣ ለሐኪሙ ይነገር። በሪቱክሲማብ ጊዜ ቫይረሱ እንዳይባዛ የሚያደርግ መድኃኒት፣ ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር፣ አስቀድሞ ይጀመራል፤ ሪቱክሲማቡ ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለ12 ወር ይቀጥላል፤ ብዙ መነሳቶች የሚታዩት ሕክምናው አልቆ ሰውየው «ጨረስኩ» ባለ ጊዜ ነው። ሳይመረመር የተጀመረ ከሆነም አይረፍድም፤ ዛሬ ይመርመር። ኢሚዩኖግሎቡሊን በብዛት እየወሰደ ያለ ሕመምተኛ ግን አስኳሉ ከሌላ ሰው ደም የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሕክምናው በፊት የተቀመጠ የቆየ ናሙና ካለ እሱ ላይ መሥራት ይመረጣል።

ደም ልገሳ ላይም ይኸው መለያ ይሠራል። አሜሪካን በመሳሰሉ አገሮች የደም ባንኮች የአስኳል አንቲቦዲን ስለሚመረምሩ፣ ታሞ የዳነ ሰው ጤነኛ ሆኖ ሳለ «መለገስ አይችሉም» የሚል ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ክትባት የተከተበ ሰው በዚህ ምርመራ አይያዝም፤ የሰሞኑ መርፌ አንቲጅን ከደሙ እስኪጠፋ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅ ብቻ ይበቃዋል።